እንግዳ ይምጣ፣ ዕዳ አይምጣ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ እንግዳን በቤታችን በቀላሉና በሚያምር ሁኔታ ስለ ማስተናገድ ነው። ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። የሒሳብ ሠራተኞች ስለ ወጥና ስለ ጠረጴዛ ልብስ ምን አገባቸው ብላችሁም ይሆናል። ጉዳዩ ግን ከመዝገባችን ጋር በጣም የተያያዘ ነው። የቁጠባና የብድር መዝገብ የምንይዝ እኛ፣ በዓል ሲቃረብ የብድር ማመልከቻ እንደሚበዛ እናያለን። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው «ለንግድ ማስፋፊያ» ነው። ገንዘቡ ግን አንዳንድ ጊዜ በግ ይሆናል፣ ቅቤ ይሆናል፣ ለስላሳ ይሆናል፣ አዲስ ብርጭቆ ይሆናል። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ክፍያው ግን ወር እየቆጠረ ይከተለናል።

አንዲት እኅታችን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። ለጤፍ መግዣ የተበደረችውን ገንዘብ ለልጇ ክርስትና አዋለችው። ድግሱ አማረ፣ እንግዳውም መርቆ ሄደ። በማግስቱ ግን የጤፍ መግዣ አልነበራትም። ከነጋዴ በዱቤ ወሰደች፤ በዱቤ የወሰደችው ጤፍ በእጅ በእጅ ከሚገዛው ይወደድባታል። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፣ ገዢዎቿም ያው ናቸው፤ ትርፉ ግን ለዱቤው ሄደ። በራሷ ፈቃድ ነው ይህን የምንናገረው። «ለሌሎቹ ይጥቀም» ብላናለች፤ እናመሰግናታለን።

ታዲያ መፍትሔው እንግዳ መጥራት መተው ነው? አይደለም። እንግዳ መቀበልን የቅንጦት ወጪ አድርገን አንቆጥረውም። የታመመችውን የሚጠይቃት፣ ያዘነችውን የሚያጽናናት፣ ልጇ ሥራ ሲፈልግ ወሬ የሚያመጣላት ሰው አብሯት ቡና የጠጣ ጎረቤት ነው። ቤቷን የዘጋች ሴት ቀስ በቀስ ከሌላውም ቤት ትቀራለች። «ምን አቅርቤ እጠራቸዋለሁ» ብለው ከወር ተራ የቡና ጥሪ የቀሩ አባላት እንዳሉን እናውቃለን። ስለዚህ ጉዳታችን በሁለት በኩል ነው፤ አንዷ ስትጠራ ትከስራለች፣ ሌላዋ ባለመጥራቷ ብቻዋን ትቀራለች። ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ይሉኝታ።

አገራችን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን ከጥንት አስቀምጣልናለች። እንግዳ ሲገባ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንላለን። ቤት ያፈራውን ነው፤ አበዳሪ ያፈራውን አይደለም። ይህን አባባል ከልማድ ንግግርነት አውጥተን እንደ ሥራ መመሪያ ብንይዘው፣ ድግሳችን ይቀላል፣ ያምርማል። እንዴት እንደሆነ በተራ እንናገር።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንመልስ። ስንት ሰው ይመጣል? ከእነርሱ ውስጥ የሚጾም፣ ሙስሊም የሆነ፣ በሐኪም ትእዛዝ ጨው ወይም ስኳር የማይወስድ፣ በርበሬ የማይችል ሕፃን ስንት ነው? የሚቆዩትስ ለምሳ ነው ወይስ ለቡና ብቻ? ቀጥለን ወረቀቱን ሦስት ቦታ እንከፍለዋለን፤ «ያለን»፣ «የምንዋሰው»፣ «የምንገዛው»። ብዙዎቻችን በቀጥታ «የምንገዛው» ላይ ስለምንጀምር ነው ወጪው የሚያመልጠን። ጓዳችንን ስንፈትሽ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ንጥር ቅቤው፣ ቡናው አብዛኛውን ጊዜ በቤት አለ።

ለ20 አዋቂ ሰው የሚሆን የምሳ ስሌት እንስጣችሁ። እንጀራ ለአንድ ሰው 2 ብለን 40፣ ለሚጨምርና ለሚላክ 10፣ በድምሩ 50 ይበቃል። ዶሮ በባህላችን 12 ብልት ይወጣዋል፤ 2 ዶሮ 24 ብልት ነው፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ደርሶ 4 ይተርፋል። እንቁላልም በሰው አንድ ነው። ለአንድ ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ሽንኩርት ብንይዝ ወጡ ይበረክታል። ከዶሮው ጎን 1 ኪሎ ምስር፣ 1 ኪሎ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ድንች ካለ ማዕዱ ሙሉ ነው። ከዚህ በላይ አምስት ዓይነት የሥጋ ወጥ መደርደር እንግዳውን ያጨናንቀዋል እንጂ አያስከብረውም። እንግዳ ከሄደ በኋላ ስንት ምግብ እንደሚተርፍና እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን። የተበላሸ ምግብ በሒሳብ ቋንቋ ኪሳራ ነው፤ በእናቶቻችን ቋንቋ ደግሞ ነውር ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጊዜን ማከፋፈል ነው። የድግስ ድካም የሚበዛው ሁሉም ነገር በአንድ ጠዋት ሲሠራ ነው። ሊጡ ከሦስት ቀን በፊት ይቦካል። ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ዕቃ ይቆጠራል፣ ይታጠባል፤ ሽንኩርት ይላጣል፤ ምስርና ክክ ይለቀማል። በዋዜማው እንጀራ ይጋገራል፣ ቁሌቱ ይሠራል። ቁሌት ማለት ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውኃው እስኪደርቅ ተንጨርጭሮ፣ ከበርበሬና ከቅባት ጋር ረጅም ሰዓት የበሰለው ነው፤ የዶሮ ወጥ ጊዜ የሚወስደው እዚህ ላይ ነው። ቁሌቱ ከደረሰ የዕለቱ ሥራ ዶሮውን ጨምሮ ማብሰል ብቻ ይሆናል። ማቀዝቀዣ የሌለን ሰዎች ዶሮውን በዕለቱ ጠዋት አሳርደን በዕለቱ ብናበስል ለጤናም ይሻላል። አዚፋ፣ ቀይ ሥርና ፎሶልያ ቀዝቅዘው የሚበሉ ስለሆኑ እንግዳ ከመግባቱ በፊት አልቀው ይቀመጣሉ። ለመጨረሻ ሰዓት የሚቀረው ሰላጣና ቲማቲም መከተፍ ነው።

የሚጠጣውንም እናስብ። ጠላና ጠጅ ለመድረስ ቀናት ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ ያላሰበ ሰው ነው በመጨረሻ ሰዓት በሣጥን ለስላሳ የሚገዛው። ማር በቤቷ ያላት ብርዝ ብታቀርብ አልኮል ለማይጠጣውም ይሆናል። ውኃ በንጹሕ ማንቆርቆሪያ ሎሚ ተቆርጦ ገብቶበት ቢቀርብ ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ለዓይን ግን ያምራል።

ሦስተኛው ሥራ ቤቱን ማሳመር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲባክን አይተናል። አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አበባ። ቤት የሚያምረው ንጹሕና ያልተጨናነቀ ሲሆን ነው። እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል የማያስፈልገውን ዕቃ ወደ ውስጥ እናስገባ። ጥለቱ ገና ያልደበዘዘ አሮጌ ነጠላ በጠረጴዛው መሐል ቢዘረጋ ከሱቅ ከሚገዛው ይበልጣል። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳው ሁሉ ላይ ስላለ አንድ እፍኝ ቆርጦ በብርጭቆ ማስቀመጥ ነው። ቄጤማው፣ ዕጣኑ፣ ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው የራሳችን ጌጥ ናቸው። ወጡ በሸክላ ድስት ከቀረበ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ሲያዩትም ደስ ይላል። ሰሃኖቻችን የተለያየ ዓይነት ከሆኑ አንድ ዓይነት የሆኑትን አንድ ቦታ እናድርጋቸው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ያነሰ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል።

ቤታችን ጠባብ ነው የሚሉ አሉ። ጠባብ ቤት የራሱ ዘዴ አለው። ቡፌ ለ20 ሰው 20 ሰሃንና መተላለፊያ ይፈልጋል። መሶብ ወይም ሰፊ ትሪ ግን አንዱ ለ4 ወይም ለ5 ሰው ይሆናል፤ 4 ትሪ ለ20 ሰው በቃ። የሚታጠበው ዕቃ ያንሳል፣ እንግዳውም እየተጎራረሰ ይጫወታል። አንድ ጊዜ የማይበቃን ከሆነ በሁለት ዙር እናድርገው፤ አረጋውያንና ከሩቅ የመጡት ይቅደሙ፣ ወጣቶቹ ይከተሉ። ወንበር ካነሰ የእድር አግዳሚ አለ። ማስታጠቢያውን አንድ ወጣት ይያዝ፤ ትሕትና የተማረ ልጅ እጅ ሲያስታጥብ ማየት ለእንግዳው ከምግቡ የማይተናነስ ክብር ነው።

አራተኛው ነገር የእንግዳውን እምነትና ጤና ማክበር ነው። በማኅበራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። የጥሪያችን ቀን በእነዚህ ላይ ከዋለ ማዕዱ ሁሉ የጾም ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ ወጪውም ይቀንሳል። በፍስክ ቀን ደግሞ የሥጋ ወጥ በአንድ በኩል፣ የጾሙ በሌላ በኩል፣ ማንኪያቸውም ለየብቻ ይሁን። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥጋ ማቅረብ ከፈለግን፣ እነርሱው እንዲያርዱና በተለየ ድስት እንዲያበስሉ ቀድሞ መንገር የቆየ የጉርብትና ሥርዓታችን ነው። ይህ ባይመች ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ያገናኛሉ። እንግዳ «ለእኔ ታስቧል» ብሎ ሲሄድ ነው የተከበረው።

አምስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነው። የቤቱ እመቤት የት ናት? ድግስ የተባለው ሁሉ ሲካሄድ ማጀት ውስጥ ጭስ ላይ ናት። ልጇ ሲመረቅ ፎቶግራፉ ውስጥ የለችም። እንግዳው «የታለች?» ሲል «እየመጣች ነው» ይባላል፤ ስትመጣ ሰው እየተሰናበተ ነው። እኅቶቻችን፣ እንግዳው የመጣው እኛን ለማየት ነው። አስተናጋጇ የሌለችበት ድግስ ምግብ ቤት ነው። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ ከገንዘቡ ሌላ የሰው ሥራም ይጻፍ፤ ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ትሪ ያነሳል፣ ማን ዕቃ ያጥባል፣ ማን በር ላይ ይቀበላል። ባልም፣ ወንድ ልጅም፣ ሴት ልጅም ስማቸው ይግባ። ሳህን ማንሳት የወንድን ክብር ሲቀንስ አላየንም። ቡናውን ግን እመቤቷ ተቀምጣ ታፍላ፤ ምክንያቱም ቡና ሲቆላና ሲፈላ ሥራም ነው፣ ጨዋታም ነው። ከአቦል እስከ ቶና፣ ከቶና እስከ በረካ ያለው ጊዜ ማንም ሳይቸኩል የሚነጋገርበት ነው። ምሳ ማብላት ያልቻለች አባል እንኳ በሦስት ስኒ ቡናና በአንድ ድፎ ዳቦ እንግዳዋን አክብራ መሸኘት ትችላለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በዓላት ድንገት አይመጡም፤ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፤ በመካከላቸው ያለው 16 ቀን ብቻ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ 12 ቀን። ፋሲካ፣ ዒድ አል ፈጥርና አረፋ ቀናቸው ቢዘዋወርም ሁላችንም አስቀድመን እናውቀዋለን። ክርስትናም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፤ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ማሰብ ይቻላል። የታወቀ ወጪ ደግሞ በብድር ሳይሆን በቁጠባ ነው የሚሸፈን። ለአብነት ያህል አንድ ቤተሰብ በዓመት ለበዓልና ለእንግዳ 12,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ በወር 1,000 ብር ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 12,000 ብር ማግኘት ከባድ ነው፤ በየወሩ ግን ከእቁብ በማይለይ ሁኔታ ይጠራቀማል። ወሩን ሙሉ 1,000 ብር ማስቀመጥ ካልቻልን ደግሞ ድግሱ ከአቅማችን በላይ መሆኑን ገበያ ሳንወጣ አወቅን ማለት ነው። ያን ጊዜ የእንግዳውን ቁጥር ወይም የምግቡን ዓይነት እንቀንሳለን፤ የጤፍ መግዣውን አንነካም።

አገዛዛችንም ይታሰብበት። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይፈልጋል፤ ሻጩም ያውቃል። በጾም ወራት ግን የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ገዝቶ ማንጠር ይቻላል፤ በሚገባ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ወራት ይቆያል። በርበሬም በበጋው ተዘጋጅቶ ዓመቱን ይከርማል።

እስካሁን የተናገርነው እያንዳንዳችን በቤታችን ልናደርገው የምንችለውን ነው። ማኅበር የሆንነው ግን ብቻችንን የማንችለውን አብረን ለመቻል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ቅርጫን ተመልከቱ። አንድ ቤተሰብ በሬ አርዶ አይችለውም። ሰፈርተኛው ተዋጥቶ ይገዛል፣ በእኩል መደብ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይጣላል፤ ማንም ሳይበደል ሁሉም ሥጋውን ይዞ ይገባል። ገበሬውም ወንፈል አለው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ለማጀት ወንፈል የማይኖረን ለምንድን ነው?

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛው የማጀት ወንፈል ነው። ድግስ ያላት አባል ከሁለት ሳምንት በፊት ታስመዘግባለች፤ ሦስት አባላት በተራ ይመደቡላታል። ሥራቸው በዋዜማውና በዕለቱ ማገዝ ነው፤ ተራቸው ሲደርስ እነርሱም ይታገዛሉ። ቀኑና ስሙ በመዝገብ ይያዛል፤ አንዷ ሁልጊዜ የምታግዝ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ የምትታገዝ እንዳትሆን።

ሁለተኛው የጋራ ዕቃ ነው። በየቤታችን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ ለመግዛት ስንበደር ኖረናል። በጋራ 60 ሰሃን፣ 60 ብርጭቆ፣ 60 ስኒ፣ 12 ሰፋፊ ትሪ፣ 4 ጀበና፣ 2 ትልልቅ ብረት ድስትና 2 ማስታጠቢያ ቢኖረን፣ በአንድ ቀን ለሁለት አባላት እንኳ ይበቃል። ዕቃው በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል። የወጣበትና የተመለሰበት ቀን፣ የተሰበረው ብዛት፣ የተረካቢዋ ፊርማ በመዝገብ ይሰፍራል። ተጠቃሚዋ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ትከፍላለች፤ ያ ክፍያ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ የተሰበረውን መተኪያ ይሆናል። ለቅሶ ሲሆን ግን ክፍያ አይኑር፤ ኀዘን ላይ ያለ ሰው ስኒ አይቆጥርም፤ እኛ እንቆጥርለታለን።

ደጋፊዎቻችንም ይህን እንድትሰሙልን እንፈልጋለን። ለአባላት ሥራ መነሻ የምትሰጡን ገንዘብ በሥራው ላይ እንዲቆይ፣ ሥራውን የሚበላውን ነገር በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። እንግዳ ማክበራችንን ተዉ ብላችሁ አታውቁም፤ እኛም አንተውም። የጋራ ዕቃው አንድ ጊዜ ከተገዛ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ የራሱንም ምትክ ራሱ ይገዛል። አባላት ግማሹን ካዋጣን፣ የቀረውን ግማሽ እንድትሞሉልን በትሕትና እንጠይቃለን። የዕቃው መዝገብ ለሁላችሁም በየሩብ ዓመቱ ይቀርባል።

እኅቶቻችን፣ ከንግግሩ በኋላ ሁለቱም ሐሳቦች ለውይይትና ለድምፅ ይቀርባሉ። የሚከብዳችሁን፣ የሚጎድለውን፣ የማትስማሙበትን ተናገሩ። የዓመቱ መዝገብ ሲዘጋ ማየት የምንፈልገው ይህን ነው፤ ለጤፍ የተሰጠ ብድር ጤፍ ላይ ውሎ፣ በየቤቱም ጀበናው ሳይቀዘቅዝ።

ሰው አያሳጣችሁ።